በእንተ «ማን ያሸንፋል»፦ ከዲንሾ ደጋ የቀረበ ሐተታ

መቅድም

ስለ ፍትሕ ተጽፏል። ስለ ሥልጣን ተጽፏል። ስለ መንግሥታት አነሣስና አወዳደቅ መደርደሪያ የሚያጎብጥ መጽሐፍ አለ። ነገር ግን አንድ ወገን ሁለት ዕጩዎች ሲኖሩት «በሕዝብ ፊት ቀርቦ የሚያሸንፈው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ፣ በየሻይ ቤቱ ስንት ወዳጅነት ሲያናጋ፣ ተገቢውን ሊቅ ሳያገኝ ኖሯል። ይህን ጉድለት ስናይ አዘንን። ካዘንን በኋላ ከእኛ የተሻለ ሰው ፈለግን፤ በማጣታችንም ብዙ አልተገረምንም።

ጥናቱ የተካሄደው ዲንሾ ነው። ዲንሾ ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ ከፍታ ሐሳብ ይጠራል የሚሉ አሉ፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሰው ይቃዣል እንጂ ሐሳብ አይጠራም የሚሉም አሉ። ሁለቱንም ወገን አናስቀይምም። የምርምር ተቋማችን መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት ናት፦ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ጦስኝ የተጣለበት ሻይ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ጠበብት። ዘዴያችን ማዳመጥ ነው። በጀታችን የሻይ ሒሳብ ነው፤ እሱም በዱቤ።

ንባብና ትርጓሜ

ሐተታችን የሚቆመው በአንዲት ንባብ ላይ ነው። ንባቧም «እኔስ እሱን ነበር የምወደው፤ ግን አያሸንፍም» ትላለች።

«እኔስ እሱን ነበር የምወደው» አለ፤ ፍቅሩን አስቀደመ፤ ምነው ቢሉ፣ የሚከተለው ነገር ሐሜት እንዳይባልበት። «ግን» አለ፤ የገነባውን አፈረሰ። «አያሸንፍም» አለ፤ ፈረደ። ማን ፈረደ ቢሉ፣ ሌላው ሰው ነው እንጂ እኔስ የለሁበትም ሲል ነው። አንድም፦ እኔ ብልህ ነኝ፣ ሕዝቡ ግን ገና ነው ሲል ነው። አንድም፦ ፊቱንም ወድጄው አላውቅም፣ ይህን ብናገር ግን ሰው ይቀየመኛል ሲል ነው። የመጨረሻው ይበልጥ ይስማማል።

ምዕራፍ አንድ፦ ስለ «ሌላው ሰው» መኖሪያ

ፍርዱን የሚሰጠው ሌላው ሰው ከሆነ፣ የሊቅ ተግባር ሌላውን ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው። ስለዚህ ተነሥተን መንገድ ጀመርን።

የዲንሾው ፈረስ አከራይ ልጓሙን እንደያዘ «እኛ እንኳ ማንንም እንቀበላለን፤ ሮቤ ነው እንጂ የማይቀበለው» አለን። «ከተሜ ነው። ካልተማረ፣ ክራባት ካላሰረ ሰው አይመስለውም።» ሮቤ ወረድን። የሮቤው ስንዴ ነጋዴ ጆንያውን ተደግፎ ሣቀብን። «እኛ? እኛማ ገበያችን ይቅናልን እንጂ ማንም ይሁን። አስቸጋሪው ጎባ ነው፤ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረ ጊዜ የለመደው ኩራት አለቀቀውም።» ጎባ ደረስን። የጎባው ጡረተኛ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ ጎባ ስንቱን አይታ አሳልፋለች፤ ለማንም አትደነግጥም። ከተራራው ማዶ ያለው ቆለኛ ነው የሚያሠጋው» አሉን።

ከተራራው ማዶ ለመድረስ ሳነቴን ማቋረጥ ግድ ነው። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ የተንጣለለ ሜዳ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትሩ ቁልቁል ያየዋል። እዚያ አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ አገኘን። ሥራ ላይ ስለነበረ አስተያየት አልሰጠንም። ፍልፈሉም አንገቱን ብቅ አድርጎ ሁኔታውን ካየ በኋላ ድምፀ ተዓቅቦ መረጠ። ከዚያ የሐረና ጫካን አቋርጠን ደሎ መና ገባን፤ ቡና ቀረበልን። የደሎ መናው ሰው ሲኒውን ሳያስቀምጥ፣ «እኛ ምን ቸገረን? ደገኞቹ ናቸው እንጂ። የዲንሾን ሰው ጠይቀኸዋል?» አለን።

ግኝታችን እንደሚከተለው ይመዝገብ፦ ዕጩውን የማይቀበለው ሌላው ሰው ሁልጊዜ የሚኖረው ቀጥሎ ባለው የአውቶቡስ ፌርማታ ነው። ፌርማታው ሲያልቅ መንገዱ ተመልሶ ጠያቂው ደጃፍ ላይ ይቆማል። በዚህ ሁሉ መሐል ራሱ የወደደውን ትቶ የሰውን ጥላ የመረጠ እንጂ፣ «እኔ ነኝ የማልቀበለው» ያለ አንድም ነፍስ አላገኘንም።

ምዕራፍ ሁለት፦ ስለ የካቲት 2010

ከግምት ወደ ታሪክ እንሻገር። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ መጠየቃቸው ተሰማ። በገዢው ግንባር በኢሕአዴግ ካሉት አራት ድርጅቶች ተራው የኦሮሞው የኦሕዴድ ነው የሚል ወሬ ሲነፍስ አግዳሚያችን ለሁለት ተከፈለ።

አንደኛው ወገን የአቶ ለማ መገርሳ ነበር። ክርክሩም ብርቱ ነበር፦ የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ያለቅሳል፤ በጥቅምት ወር ባሕር ዳር ድረስ ሄደው አማራውንም አስጨብጭበዋል። ሁለተኛው ወገን የዶክተር ዐቢይ አሕመድ ነበር፦ ወታደር ነበሩ፣ ሚኒስትር ነበሩ፣ ዶክተር ናቸው፤ አባታቸው ሙስሊም፣ እናታቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ይህ ደግሞ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱበት በባሌ ቀላል ነገር አይደለም። «ኦቦ፣ ከለማ ሌላ ማን አለ?» ይላል አንዱ። «ለማንማ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን…» ይላል ሌላው። ንባባችንን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

ክርክሩን የፈታው ግን አንደበትም፣ ዲግሪም፣ የእናትና የአባት ሃይማኖትም አልነበረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል ይላል። አቶ ለማ መቀመጫቸው ጨፌ ኦሮሚያ ነበር እንጂ ፓርላማ አልነበረም። ዶክተር ዐቢይ ግን የፓርላማ ወንበር ነበራቸው። የካቲት 15 ቀን ኦሕዴድ ሁለቱን አቀያየረ፤ ዶክተር ዐቢይ ሊቀ መንበር፣ አቶ ለማ ምክትል ሆኑ። ምክንያቱ ይኸው የወንበር ነገር መሆኑ በሰፊው ተነገረ። ሦስት ብርጭቆ ሻይ የፈጀውን ሙግት አንድ መስመር ሕግ ዋጠው።

ይህም ሆኖ ገና አጠቃላይ ምርጫው ይቀር ነበር። መራጩ ማን ነበር ቢሉ፣ የኢሕአዴግ ምክር ቤት። ብዛቱስ ቢሉ፣ 180፤ ከአራቱ ድርጅቶች ከእያንዳንዱ 45። ሕዝቡ ቢበዛም ቢያንስም 45 ነው፤ አይጨመርም፣ አይቀነስም። መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጠ። ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከውድድር አገለሉ። ዶክተር ዐቢይ 108፣ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ዶክተር ደብረ ጽዮን ገብረ ሚካኤል 2 ድምፅ አገኙ። መጋቢት 24 ቀን ፓርላማው አጸደቀ፤ ቃለ መሐላ ተፈጸመ።

አሁን ልብ በሉ። የሮቤው ከተሜ፣ የጎባው ኩሩ፣ የደሎ መናው ቆለኛ እነማንን ይቀበላሉ እያልን ድምፃችን እስኪዘጋ ተከራክረን ነበር። ቆጠራው ሲደርስ ግን ከሦስቱ አንዳቸውንም የጠየቀ አልነበረም። መቶ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በሐሳቡ ሲመዝን፣ ሚዛኑ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር።

ከዚህ የምንደነግገው መርሕ ይህ ነው፦ አሸናፊነት ዕጩው ላይ የሚያድር ጸጋ አይደለም፤ በአቆጣጠሩ ደንብ ውስጥ የሚያድር ነው። ማን እንደሚቆጥርና ምን እንደሚቆጠር ያላወቀ ሰው፣ ማን እንደሚያሸንፍ ቢያውቅም አላወቀም።

ምዕራፍ ሦስት፦ ስለ ቀደምት መመዘኛዎች

ይህ ጉዳይ ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስል፣ ወደ ኋላ እንይ።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ሲፈቅድ፣ ፓርቲ የሚባል አልነበረም። ዕጩ ለመሆን ግን በምርጫ ወረዳው 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ፣ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ይህ ግልጽ መመዘኛ ነው፤ ሐሜት አያስፈልገውም። የዲንሾ ጠበብት በዚህ ላይ አንድ የሕግ ጥያቄ አንሥተው እስከ ዛሬ አልተመለሰላቸውም፦ ፈረስ የሚንቀሳቀስ ንብረት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ያረጀና ከቆመበት ንቅንቅ የማይል ፈረስስ ከየትኛው ይመደባል?

ከዚያም የቆየው የገዳ ሥርዓት ነው፤ ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። በቦረና መሪዎቹ ሥልጣን ከመረከባቸው ከዓመታት በፊት ይመረጣሉ፤ እስኪረከቡ ድረስም ይማራሉ፣ ይታያሉ። በዚህ ሥርዓት «ይችል ይሆን?» የሚለው ጥያቄ በሰው ዓይን ፊት በጊዜ ይፈተናል እንጂ በአንድ ሌሊት ግምት አይቆረጥም። ከመረመርናቸው ሁሉ አእምሮ ያለው ይህኛው ነው። ስለዚህ ለሻይ ቤት ክርክር አይመችም።

በመጨረሻም የንብ ዘመን አለ። በ2002ቱ ምርጫ ንብን ምልክቱ ያደረገው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ሁሉንም፣ 547ቱንም። በዚያ ዘመን «አያሸንፍም» የሚለው ቃል ከጥቅም ውጪ ሆነ። ንቡ የተለጠፈበት ሁሉ አሸናፊ ነበርና፣ ዕጩው ማን ይሁን የሚለው ሙግት በጓዳ አልቆ ነበር ወደ አደባባይ የሚወጣው። መራጩ የሚደርሰው ለምርቃቱ ነው።

ምዕራፍ አራት፦ ስለ ባሕር ማዶ

አሜሪካኖች በዚህ ጥበብ ዓለምን ይመራሉ ይባላል፤ ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችንም በየአራት ዓመቱ ይተነትኑልናል። እዚያ ፓርቲው ዕጩውን የሚለየው በየግዛቱ በሚደረግ ቅድመ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ብዙ ዴሞክራቶች የኢራቅን ጦርነት አምርሮ የሚነቅፈውን ሃዋርድ ዲንን ወደዱት። ወደዱትና ንባባችንን ደገሙ፦ «ግን አያሸንፍም።» የቬትናም ጦርነት ጀግናውን ጆን ኬሪን፣ ይህኛው ያሸንፋል ብለው አቀረቡ። ቡሽ አሸነፈው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ዶናልድ ትራምፕ ፈጽሞ አያሸንፍም ያላለ ተንታኝ ጥቂት ነበር። ሂላሪ ክሊንተን በመላ አገሪቱ ከእርሱ 3 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በለጠች፤ ፕሬዚዳንት የሆነው ግን እርሱ ነው። ምነው ቢሉ፣ እዚያ የሚቆጠረው የአገሩ ድምፅ ድምር ሳይሆን የየግዛቱ ወኪል መራጭ ነውና። የዲንሾው መርሐችን አትላንቲክን ተሻግሮ እንደጸና በትሕትና እናስታውቃለን።

መልስ ለተቃዋሚዎች

አንዱ ተነሥቶ፣ «ታዲያ የማያሸንፍ ሰው ተሸክመን ገደል እንግባ?» ይላል። አንልም። ሒሳብ ሥሩ እንላለን። በአገራችን የፓርላማ ምርጫ የሚያሸንፈው በወረዳው ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ አስፍሮታል። ከመቶ መራጭ አንዱ ዕጩ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኙ፣ ስድሳው ያልመረጠው ሰው አዲስ አበባ ይገባል። እንግዲህ ዕጩህን ሮቤም ጎባም ደሎ መናም ካልወደደው ብለህ የምትጨነቀው ለምንድን ነው? ከተከታዩ በአንድ ድምፅ ይብለጥልህ። ያቺ አንድ ድምፅ ደግሞ አንተ «ግን» ብለህ የጣልካት ልትሆን ትችላለች።

ሌላው ተነሥቶ፣ «ተፈጥሮ ራሷ በቁመና ትመርጣለች፤ ጋይሳይ ሂድና የደጋ አጋዘንን እይ» ይላል። ሄደን አየን። ሁለት አውራዎች የጀርባቸውን ጠጉር አቁመው፣ ጎን ለጎን፣ ቀስ እያሉ ይንጎራደዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሳይዋጉ አንዱ ፈቀቅ ይላል። አስደናቂ ነው፤ የፖስተር ሥራም በትክክል እንዲህ ነው። ነገር ግን አጋዘን ሣር ሲግጥ «ይህኛው ደስ ይለኛል፣ የማዶው መንጋ ግን አይቀበለውም» ሲል አልሰማነውም። በዚህ ነጥብ እንስሳው ከእኛ ይሻላል።

ድንጋጌ

ከላይ በተዘረዘሩት ማስረጃዎች መሠረት፣ ሥልጣን የሰጠን ባይኖርም፣ የሚከተለውን ደንግገናል።

አንቀጽ 1። ማንም ሰው «ማን ያሸንፋል» ከማለቱ በፊት «ማን ይቆጥራል፣ ምንስ ይቆጠራል» ብሎ ይጠይቅ። ቆጣሪው አንድ አዳራሽ ከሆነ፣ ስለ አዳራሹ ይከራከር፤ የሮቤን ሰው አያድክም።

አንቀጽ 2። ምርጫው የእውነት በሕዝብ ድምፅ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ተከራካሪው የወደደውን ይምረጥ። የሌላውን ድምፅ ሌላው ራሱ ይሰጥበታል፤ እጁም አልተሰበረም።

አንቀጽ 3። «አያሸንፍም» የሚል ሁሉ ያንን ዕጩ የማይቀበሉ የሚያውቃቸውን አምስት ሰዎች ስም በአግዳሚው ፊት ይጥራ። ራሱን መቁጠር ይፈቀድለታል፤ እንዲያውም ይበረታታል።

አንቀጽ 4። አምስት መጥራት ያቃተው የዕለቱን የሻይ ሒሳብ ይክፈል፤ የዚህን ጥናት ዱቤ ጨምሮ።