«ኢን» እና «ኦን» የሚሏቸው ሁለት ጣጣዎች

ስሙኝማ! እኔን ረጃጅሙ እንግሊዝኛ አላስቸገረኝም። «ኢሚግሬሽን»፣ «ኢንሹራንስ»፣ «አፓርትመንት» አማርኛ እስኪመስሉኝ ለምጃቸዋለሁ። የፈጁኝ ሁለት ድንክ ቃላት ናቸው፦ «ኢን» እና «ኦን»።

አስተማሪ ሲያስረዳችሁ የልጅ ጨዋታ ነው። «ኢን» ውስጥ፣ «ኦን» ላይ። ቡናው ስኒው ውስጥ፣ ስኒው ረከቦቱ ላይ። እሰይ! ከዚያ ከቤት ወጥታችሁ ተሳፈሩና ጉዳችሁን እዩ። ታክሲ ከሆነ «ኢን»፣ አውቶቡስ ከሆነ «ኦን»። ጣራው ላይ ከሻንጣ ጋር ልታሰር እንዴ? ቨርጂኒያ ተወልዳ ያደገችው የልጅ ልጄ፣ «አባባ፣ ቆመህ የምትንቀሳቀስበት ከሆነ 'ኦን'፣ ጎንበስ ብለህ የምትገባበት ከሆነ 'ኢን' ነው» አለችኝ። («አንቱ» ማለት አልለመደባትም፤ እሱ ሌላ ለቅሶ ነው።) እሺ፣ ብስክሌትስ? «ኦን!» ብስክሌት ላይ ቆሞ የሚንሸራሸር ማንን አይታ ነው? እኛ በመኪና፣ በበቅሎ፣ በአውሮፕላን፣ በእግር እያልን በአንዲት «በ» ስንት አገር አቋርጠናል።

ዛፉማ ይባስ። ወፏም ፍሬውም አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሆነው ወፏ «ኢን»፣ ፍሬው «ኦን» ይባላል። ባለፈው ለጎረቤቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ ለማለት «ኦን ዘ ሰን» ብዬው፣ ሰውየው ቀና ብሎ ሰማዩን አየና እኔን አየኝ። ለካ ከፀሐይቱ ተመልሼ መምጣቴ ነው!

አንዱን ብቻ ወድጄላቸዋለሁ። «ኦን ታይም» ማለት በተባለው ሰዓት መገኘት ነው፤ «ኢን ታይም» ደግሞ ነገሩ ሳያልፍ መድረስ። የሐበሻ ቀጠሮ ስሙ ተገኘለት፤ ሙሽሮቹ ሳይሸኙ ከገባን «ኢን ታይም» ነን።

ደግሞ እነሱስ መቼ ተስማሙ! ሰልፍ ለመቆም ሌላው አሜሪካዊ «ኢን ላይን» ሲል፣ የድሮው ኒውዮርክ ሰው «ኦን ላይን» ይላል። እሱን ማንም አያርመውም፤ እኔን ግን የሰባት ዓመት ልጅ ታርመኛለች። ሕጉ እንኳ ይራራል፦ 55 ዓመት ሞልቶት 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ ሰው ዜግነት ሲጠይቅ የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርለትና የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ በገዛ ቋንቋው ይመልሳል። የአሜሪካ መንግሥት የማረኝን የልጅ ልጄ አልምር አለች።

የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. ከ871 እስከ 899 እንግሊዝ አገር ዌሴክስን የገዛው ንጉሥ አልፍሬድ በነበረበት ዘመን፣ በዚያ አገር እንግሊዝኛ «ኦን» አብዛኛውን ጊዜ የሁለቱንም ሥራ ትሠራ ነበር። ውስጥም እሷ፣ ላይም እሷ። አያቶቻቸው እንዲህ ተመችቷቸው ሲኖሩ፣ እኔ በስተርጅና ልፈተን?

ስለዚህ ወስኛለሁ። ከእንግዲህ አውቶቡሱም፣ ታክሲውም፣ ወፏም «ኦን» ናቸው። ቅር ያለው ከንጉሥ አልፍሬድ ጋር ይሟገት።