ልዩ ሆኖ የመመሳሰል ጥበብ

ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጁን ፊዚክስ የሚያስጨንቀው የሚመስለው ወላጅ ካለ ተሳስቷል። ልጁን እንቅልፍ የነሳው የሱሪው እግር ስፋት ነው። ለምን ቢሉት "ራሴን ልግለጽ ብዬ" ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ያለ መካሪ አይገባበትም። ሳይጠነቀቅ ገብቶበት፣ ሳያስበው የምር ራሱን ሆኖ የቀረ ልጅ አለ። ይህ ዕጣ እንዳይደርስባችሁ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ የሚከተለውን በጥሞና አንብቡ።

አንደኛ፦ በነጻ ያገኛችሁትን በገንዘብ አበላሹ

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ዩኒፎርሙን የሚያገኘው በነጻ ነው። የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ደግሞ እናቱ "ታድግበታለህ" ብላ ሁለት ቁጥር አስበልጣ ትገዛለታለች። በየትኛውም በኩል ቢመጣ ሱሪው ሰፊ ነው። ስለዚህ ሳትውሉ ሳታድሩ ሰፈር ውስጥ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ውሰዱት። ሰውየው ብዙ ፋሽን ሲመጣና ሲሄድ ያየ ስለሆነ ሱሪውን ገልብጦ በጠመኔ ካሰመረ በኋላ፣ መቀሱን እንደያዘ ቀና ብሎ "ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፌ ልተወው እንዴ? ኋላ ይፈለግ ይሆናል" ማለቱ አይቀርም። አትስሙት። "ጋሼ፣ ይቁረጡት!" በሉ።

ከዚያ በኋላ ሱሪውን ለመልበስ አልጋ ላይ በጀርባ መንጋለል፣ ለማውለቅ ደግሞ ታናሽ ወንድምን መጥራት ያስፈልጋል። ቁጭ ብድግ የሚያሰኝ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ካለ "አሞኛል" በሉ። አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርሱ ፋሽኑ ወደ ባጊ ይዞራል፤ ያ የተቆረጠ ትርፍም በጣም ያስፈልጋችኋል። አይዟችሁ፣ እናት አለች፤ አሁንም ሁለት ቁጥር አስበልጣ ትገዛለች።

ሁለተኛ፦ ልዩነቱን ወደ እግር አውርዱት

ዩኒፎርም የሀብታሙንና የድሃውን ልጅ እኩል ያደርጋል ተብሎ የታሰበ ነገር ነው። ያሰበው ሰው ጫማን ረስቷል። ሹራቡም ሱሪውም የሁሉም አንድ ከሆነ፣ ሰው በሰልፍ ላይ ባንዲራ ሲወጣ ቀና ማለቱን ትቶ ወደ መሬት ያያል። እናንተም ጆርዳን አድርጉ። ጆርዳን በ1985 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲውል የቅርጫት ኳስ ጫማ ነበር፤ እናንተ ግን ኳሷን እንዳትነኩ። ከተሮጠበት ፊቱ ይሸበሸባል። እንዳይሸበሸብ ጣታችሁን ሳታጥፉ እንደ ዳክዬ ተራመዱ።

ጫማው መርካቶ የተገዛ ኮፒ ከሆነ "አጎቴ ልኮልኝ ነው" በሉ። አጎት ከሌላችሁ ፍጠሩና ዋሽንግተን አስቀምጡት። ማታ ማታ ነጩን ሶል በኮልጌትና በጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፤ ኮልጌቱ ከተረፈ ለጥርስም ይሆናል። "የሰው ወርቅ አያደምቅ" የምትል አያት ብትገጥማችሁ፣ ይሄ ወርቅ ሳይሆን ጎማ መሆኑን በትሕትና አስረዷት።

ሦስተኛ፦ ራሳችሁን በማታውቁት ሰው ቃል ግለጹ

ከዩኒፎርም ውጭ ላለው ጊዜ ሰልባጅ አለላችሁ። የተለበሰ ልብስ አስገብቶ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቦንዳው ግን መንገዱን ያውቃል። ቦንዳ ሲፈታ ከፊት ቁሙና በደረቱ ላይ ብዙ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበትን ቲሸርት ቀድማችሁ ያዙ። ጽሑፉን እንዳታነቡት። ያነበበ ልጅ "የዓለም ምርጥ ሴት አያት" የሚል ለብሶ ሰፈር ውስጥ ደረቱን ነፍቶ መሄድ አይችልም። አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ከልጅ ልጇ የተሰጣትን ስጦታ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ የማንነቱ መግለጫ ሲያደርገው ማየት ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

አራተኛ፦ የቤታችሁን የፎቶ አልበም አትክፈቱ

ይህ በጣም አደገኛ ቦታ ነው። "ከእኔ በፊት ማንም ያልለበሰው" ያላችሁት ባጊ ጂንስ፣ በ1990ዎቹ በተነሳ ፎቶ ላይ አባታችሁ እግር ላይ ይገኛል፤ ያውም የቱፓክ ቲሸርት ተጨምሮበት። ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ከገለጣችሁ አያታችሁ አፍሮ አበጥሮ፣ ቤልቦተም ለብሶ ፎቶ ቤት ውስጥ ቆሟል።

የአያትን ዘመን ካነሳን አይቀር፣ በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሊታይ ሲል፣ ተማሪዎች "ሚኒ ስከርት የባዕድ ባህል ወረራ ነው" ብለው ተነሡ። ነገሩ ዩኒቨርሲቲውን እስከማዘጋት ደረሰ። ቁጣው ግን የሴቶቹን ጉርድ እንጂ የወንዶቹን ኮትና ሱሪ አልነካም፤ እነዚህ ከላሊበላ የተገኙ ነበሩ መሰል። ከዚህ የምትወስዱት ትምህርት ቀላል ነው፦ ባህል አጥፊው ምንጊዜም ሌላ ሰው፣ በተለይም ሴት የለበሰችው ነው። የክፍላችሁ ሴት ልጅ ጉርዷን ወገቧ ላይ ጠቅልላ ስታሳጥር ስለ ጨዋነት ረዥም ንግግር አድርጉ። ንግግሩ ላይ ሱሪያችሁ እንዳይወርድ በአንድ እጅ ያዙት።

አምስተኛ፦ ይህ ለርዕሰ መምህራን ነው

ጠዋት በር ላይ ቁሙ። ማስመሪያ ያዙ። የሱሪ እግር ለኩ። መቶ ልጅ እስኪለካ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ያልቃል፤ ግን ሒሳብ ነገም አለ። የጠበበውን "ወላጅ አምጣ" ብላችሁ መልሱት። ልጁ ከታክሲ ተራ አንድ ትልቅ ሰው "አጎቴ ነው" ብሎ ይዞ ሲመጣ በደንብ ውቀሱት፤ ሰውየውም በደንብ ያዝናል። ሰፊው ሱሪ ሲመጣ ያንኑ ማስመሪያ ይዛችሁ በተቃራኒው ለኩ። ልጆቹ ቢሰለቻቸው እናንተ እንዳይሰለቻችሁ፤ ማንም ቀና ብሎ ካላያቸው ልብሱን የሚለብሱበት ምክንያት ይጠፋልና።

ስድስተኛ፦ ያችን ልጅ አግልሉ

በየክፍሉ አንዲት አትጠፋም። የእናቷን አሮጌ ነጠላ ጥለት ፈትታ ቦርሳዋ ላይ ሰፍታለች፤ ሸራ ጫማዋ ላይ በእስክሪብቶ የሰፈሯን ቤቶች ከነቆርቆሯቸው ሥላለች። ከማን እንዳየችው ብትጠየቅ "ከማንም" ትላለች። "ፋራ" በሏት። አንድ የታወቀ ሰው ቲክቶክ ላይ ጥለት የተሰፋበት ቦርሳ ይዞ ብቅ ያለ ዕለት ግን ሩጡና ግዙ። ልጅቷ "እኔኮ..." ብላ ልትጀምር ስትል "ከቲክቶክ ኮፒ አድርገሽ ነው" ብላችሁ ዝም አሰኟት።

ሰባተኛና የመጨረሻው፦ ነጻነት ስታገኙ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርሱ ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ይለቅላችኋል፤ ከለር ዴይ በሉት ክሬዚ ዴይ። ዩኒፎርም የለም፣ በር ላይ ማስመሪያ የለም፣ ያሻችሁን መልበስ ትችላላችሁ። በዚህ ጊዜ መደናገጥ አያስፈልግም። ኮሚቴ አቋቁሙ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ ማተሚያ ቤት ሂዱና ለሁላችሁም አንድ ቀለም፣ አንድ ቅድ፣ አንድ ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት አሳትሙ። "እኛ የተለየን ነን" የሚል ይሁን። አልለብስም ያለ ካለ በር ላይ መልሱት። ርዕሰ መምህሩ አራት ዓመት ሙሉ ለፍቶ ያልሆነለትን ነገር እናንተ በአንድ ሳምንት፣ ያውም በገዛ ገንዘባችሁ ትፈጽሙታላችሁ።