ውሃ የማያሻው የጦር መርከብ

ሙዚየም የሆነ የጦር መርከብ ማለት፣ ተዋግቶ ወይም ለውጊያ ተሰናድቶ ዘመኑን ከፈጸመ በኋላ ተቆራርጦ ለብረት ማቅለጫ ከመሸጥ ያመለጠ፣ መድፉ በቦታው ቀርቶ ጥይቱ ብቻ የወጣለት፣ በመግቢያው ላይ በዘበኛ ፈንታ ትኬት ቆራጭ የተቀመጠበት መርከብ ነው። እንዲህ ያለውን መርከብ መጎብኘት የባሕር ዳር ሰዎች ጉዳይ ነው የሚል አስተያየት አለ፤ በዚህ አስተያየት መሠረት፣ በሰሜን ሸዋ በግሼ ወረዳ በራቤል ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ከክረምት ጎርፍና ከወንዝ በቀር ሌላ ውሃ ያላስጨነቀው ደገኛ፣ መርከብ የሚያውቀው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከተሣለው ከኖኅ መርከብ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የኖኅ መርከብም ቢሆን ጉዞዋን የጨረሰችው በወደብ ሳይሆን በአራራት ተራሮች ላይ መሆኑን ልብ ያለው ሰው፣ ጡረታ የወጣ መርከብ ተፈጥሮው ወደ ደጋ እንደሚያደላ ለመገመት አይቸገርም። ነገሩ በወጉ ከተመረመረም፣ ራቤል የጦር መርከብ ሙዚየም ለማቋቋም የሚጎድላት መርከቡ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ባሕሩ ግን እምብዛም አያስፈልግም።

የዚህ አባባል ማስረጃ በውጭ አገር ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር ውጊያ አድሚራል ኔልሰን የሞቱባት የእንግሊዟ «ቪክቶሪ»፣ ከ1922 ጀምሮ በፖርትስመዝ ከተማ ደረቅ ዶክ ውስጥ ትገኛለች፤ ደረቅ ዶክ ማለት፣ መርከብ ከገባበት በኋላ በሩ ተዘግቶ ውሃው እስከ መጨረሻው የሚመጠጥበት፣ በድንጋይ የታነጸ ጥልቅ ጉድጓድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 አድሚራል ቶጎ በቹሺማ የባሕር ውጊያ የሩሲያን መርከቦች ድል ያደረጉባት የጃፓኗ «ሚካሳ» ደግሞ በዮኮሱካ ከተማ መሬት ላይ በኮንክሪት ተተክላለች። ይህ የሆነው በ1922 የተፈረመው የዋሽንግተን ስምምነት ኃያላን መንግሥታት የጦር መርከቦቻቸውን ቁጥር እንዲቀንሱ ስላስገደደና፣ «ሚካሳ» ከመቆራረጥ የምትድነው ዳግመኛ ለውጊያ እንዳትሰማራ ተደርጋ ከሆነ ብቻ ስለነበር ነው፤ መርከብን ከመትከል የበለጠ ዋስትና ደግሞ አይገኝም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መድፎቿ ተነቅለው፣ በመድፎቹ ስፍራ የዓሣ ማሳያና የዳንስ አዳራሽ ተከፍቶባት እንደነበረና በ1961 ታድሳ ወደ ክብሯ እንደተመለሰች መጨመር ይገባል። ሞጆና ኮምቦልቻ ላይ ደረቅ ወደብ ከፍቶ ኮንቴይነር የሚያራግፍ አገር፣ በደረቅ መሬት ላይ የቆመ መርከብ ቢያይ የሚደነግጥበት ምክንያት የለም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም በአዳራሽ ውስጥ የቆመችው «ቫሳ» ናት። ይህች መርከብ በንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ትእዛዝ ተሠርታ፣ 64 መድፍ ተሸክማና በተቀረጹ የእንጨት ምስሎች አሸብርቃ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1628 የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀመረች፤ 1,300 ሜትር ያህል ከሄደችም በኋላ ነፋስ ገፋ ሲያደርጋት ጎኗን ሰጥታ፣ በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ውሃ ገብቶባት፣ ሊሸኛት በወጣው ሕዝብ ፊት ሰጠመች። ምክንያቱ ከላይ ከብዳ ከታች መቅለሏ ነበር። ከጉዞው በፊትም 30 ሰዎች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየሮጡ ሚዛኗን ሲፈትኑ ክፉኛ ስለተወዛወዘች፣ ሙከራውን የሚመለከቱት አድሚራል ሩጫው እንዲቆም አደረጉ፤ ሩጫው ቆመ፣ ጉዞው ግን አልቆመም። ከአደጋው በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ልኩን ያጸደቁት ንጉሡ ራሳቸው ሆነው፣ ዋናው ሠሪም ቀደም ብሎ ሞቶ ስለተገኘ፣ የተቀጣ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ ወደ ላይ ሲወጣ ንጉሥ ላይ፣ ወደ ታች ሲወርድ ሙት ላይ የሚያርፍበት የምርመራ ውጤት ለኢትዮጵያ አንባቢ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስልም።

«ቫሳ» ከ333 ዓመት በኋላ በ1961 ስትወጣ እንጨቷ በአብዛኛው ጤነኛ ነበር፤ የባልቲክ ባሕር ቀዝቃዛና ጨዉ አነስተኛ ስለሆነ፣ በሌሎች ባሕሮች የሰጠመ እንጨትን ቦርቡሮ የሚጨርሰው የመርከብ ትል አይኖርበትም። ይሁንና ውሃ የጠገበ እንጨት በድንገት ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅ፣ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የተባለ፣ በእንጨቱ ውስጥ የውሃውን ቦታ የሚተካ ሰም መሰል ኬሚካል ለ17 ዓመት ሲረጭባት ቆየ። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ በወጉ ያልተጓዘች፣ በጠላት ላይ አንድ ጥይት ያልተኮሰች መርከብ፣ ጦር ሜዳ ከዋሉት ሁሉ በላይ ደህና ሆና ተገኝታ በየዓመቱ እልፍ አእላፍ ጎብኚ ይሰለፍላታል። እዚህ ላይ የግሼና የመንዝ ደጋ ብርድ ቢያንስ ከትል የሚጠብቅ መሆኑን፣ ነገሩን ለሚያጠና ሰው በማስታወሻ መልክ መተው ይበቃል።

ደገኛው ጎብኚ ወደ እንዲህ ያለ መርከብ ሲገባ እንደሚባለው ግራ የሚጋባ እንግዳ አይደለም፤ በአንዳንድ ነገር ከባሕር ዳሩ ሰው ይልቅ እሱ ባለሙያ ነው። «ቪክቶሪ» ብቻዋን ምሰሶዎቿንና ሸራዎቿን የሚይዝ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ገመድ ነበራት፤ ገመዱም ሲያረጅ እየተፈታ፣ ቃጫው በሳንቃዎች መካከል ባለው ስንጥቅ ተጠቅጥቆ ሬንጅ ይቀባበት ነበር። የመንዝ ሰው በበኩሉ ገመድ የሚገምደውና ቤት የሚከድነው በጓሳ ነው፤ ጓሳ በዚያው ስም በሚጠራው፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የሚበቅል ጠንካራ ሣር ሲሆን፣ ቀሮ በተባለው ጥንታዊ ሥርዓት ለዓመታት ተከልክሎ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ይታጨድ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው መመሪያውን የያዘው አስጎብኚ ስለ ኔልሰን ጀግንነት በሚተርክበት ሰዓት ቀስ ብሎ ወደ ገመዱ ቀርቦ፣ በሁለት ጣቱ ፈትጎ፣ አገማመዱ ግራ ይሁን ቀኝ ቢመረምር እንደ አላዋቂ ሊቆጠር አይገባም፤ «አይንኩ» የሚለው ጽሑፍም ለእንዲህ ያለው ባለሙያ የተጻፈ አይመስልም።

አኗኗሩም ቢሆን እንግዳ አይሆንበትም። በትራፋልጋር ዘመን «ቪክቶሪ» ከ800 በላይ ሰው ተሸክማ ስለነበር፣ መርከበኛው የሚተኛው ከጣሪያ በተንጠለጠለ የሸራ አልጋ ላይ ሲሆን፣ ለአንዱ ሰው የሚፈቀደው ወርድ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ከሥሩ መድፉ፣ ከጎኑ ጓደኛው ይተኛሉ። በብርድ ወራት ከጥጃና ከበግ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አድሮ ለሚያውቅ የደጋ ልጅ፣ ልዩነቱ መድፍ የማያመሰኳ መሆኑ ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ የመርከብ ጣሪያ ዝቅ ያለ፣ መሰላሉ የቆመ፣ በሩ የጠበበ ስለሆነ፣ በርኖስ ደርቦ ወይም ጋቢ ተከናንቦ መውረድ አይቻልም። በርኖስ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ጥቁር ካባ ሲሆን፣ በመንዝ አውልቆ መሄድ ብርድን ብቻ ሳይሆን ክብርንም የሚነካ ነገር ነው፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለው ጉብኝት ከባዱ ውሳኔ ካባውን ለማን አደራ ሰጥቶ መውረድ እንደሚገባ ነው።

ትኬት ቆራጮቹ የማይናገሩት አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ ይኸውም መርከብ ሙዚየም ከሆነ በኋላም ብዙ ገንዘብ ማስወጣቱን አለመተዉ ነው። የአሜሪካኗ «ቴክሳስ» እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ስትጎበኝ ኖራ፣ ሆዷ በዝገት ስለተበሳሳ የግዛቱ ምክር ቤት በ2019 ለጥገናዋ 35 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በሴንት ፒተርስበርግ የምትገኘው «አውሮራ»፣ እ.ኤ.አ. በ1917 የጥቅምት አብዮትን በባዶ ጥይት እንዳበሠረች የሚነገርላት መርከብ፣ ከ1984 እስከ 1987 ስትታደስ ከውሃ በታች ያለው አካሏ በአዲስ ተተክቶ፣ አሮጌው ክፍል በፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ተጣለ። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደዚያችው፣ ያኔ ሌኒንግራድ ትባል ወደነበረችው ከተማ የወረደ ኢትዮጵያዊ ይህችን መርከብ ሳያይ እንዲመለስ ጨዋነቱ አይፈቅድለትም ነበር፤ ያም ሆኖ ከላይኛው ግማሽና ከታችኛው ግማሽ ርስቱ የሚጸናው ለየትኛው እንደሆነ የመንዝ ተሟጋች ቢጠየቅ፣ ጉዳዩን ሦስት ትውልድ ሳያከራክር አይለቀውም። ለንደን ላይ በቴምስ ወንዝ የታሰረችው «ቤልፋስት»ም የበኩሏ ጉድ አላት፤ የፊት መድፎቿ የተነጣጠሩት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ የአውራ ጎዳና ማረፊያ ላይ ነው፤ ዓላማው ጎብኚው የመድፉን ርቀት እንዲረዳ ነው ይባላል፣ በማረፊያው ቡና የሚጠጣው መንገደኛ ግን ስለዚህ ዓላማ ተነግሮት እንደሆነ አይታወቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የኢትዮጵያ ታሪክ የነካቸው መርከቦች የት ገቡ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ መልሱም ያሳዝናል፣ ትንሽም ያስቃል። አፄ ኃይለ ሥላሴን በ1928 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ሃይፋ ለስደት የወሰደችው የእንግሊዝ መርከብ «ኢንተርፕራይዝ» እ.ኤ.አ. በ1946 ለቁራጭ ብረት ተሸጠች። ንጉሠ ነገሥቱ በየካቲት 1937 ዓ.ም. በስዊዝ ቦይ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር የተገናኙባት የአሜሪካ መርከብ «ኩዊንሲ»ም በመጠባበቂያነት ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 ተሸጠች፤ ዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከዙፋን የወረዱበት መሆኑ ከመገጣጠም አያልፍም። ሦስተኛዋ ግን የራስ ነበረች። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አገሪቱ የባሕር ጠረፍ ስላገኘች ባሕር ኃይል ተቋቋመ፣ የኖርዌይ መኮንኖች በሥልጠናው ረዱ፣ ምጽዋም ጦር ሰፈር ሆነች። በጥር 1954 ዓ.ም. አሜሪካ «ኦርካ» የተባለች መርከብ ስታስረክብ፣ መርከቢቱ «ኢትዮጵያ» ተብላ የባሕር ኃይሉ ሰንደቅ መርከብ፣ ማለትም የአዛዡ ሰንደቅ የሚውለበለብባት፣ እንዲሁም የዕጩ መኮንኖች መማሪያ ሆነች። በመጀመሪያ የተሠራችው ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና ለመስጠት ሲሆን፣ 95 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በፓሲፊክ ውቅያኖስ አገልግላለች።

ይህች መርከብ ለሙዚየምነት የሚያስፈልገውን ሁሉ ያሟላች ነበረች፤ ጦርነት አይታለች፣ ስሟ የአገር ስም ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተሳፍረውባታል፣ ከእርሷ ላይ የወጣው የመኮንን ትውልድም አልፎ አልፎ ከደጋ የመጣ ሳይሆን አልቀረም። ዳሩ ግን ምጽዋ በየካቲት 1982 ከተያዘችና በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ወደ የመን ሸሽታ፣ እዚያው ወደብ ላይ ጥገና የሚያደርግላት አጥታ ስታረጅ ቆይታ፣ በ1985 ዓ.ም. ለቁራጭ ብረት ተሸጠች። በአዲስ አበባ ሰፈሮች «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረው ነጋዴ የተሰበረ ብረት ድስት በአሥር ብር ሲከራከር ጆሮ ያደነቁራል፤ ከ1,700 ቶን በላይ የሚመዝን የአገር ስም ሲሸጥ ግን ጎረቤት እንኳ በሩን ከፍቶ አልወጣም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባሕር ኃይሉም ፈረሰ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. እንደገና ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ሲፈረም፣ አገሪቱ መርከበኛ ይኖራት ዘንድ መርከብ፣ መርከብ ይኖራት ዘንድም ባሕር እየፈለገች ነበር።

ስለዚህ የራቤል ሰው የአገሩን የጦር መርከብ ልጎብኝ ቢል የሚቀርበው ወደ ወሎ ተሻግሮ መቅደላ አምባ ላይ መውጣት ነው። በአምባው ላይ ያለው ሴባስቶፖል፣ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በአውሮፓ ተወላጅ ባለሙያዎች ያስቀረጹት፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ታላቅ መድፍ፣ ስሙን ያገኘው ከባሕር ነው፤ ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ላይ የሩሲያ ባሕር ኃይል ወደብ ሲሆን፣ በክራይሚያ ጦርነት ለ11 ወራት ያህል ተከቦ የነበረ፣ ሩሲያውያንም የጠላት መርከብ እንዳይገባ የራሳቸውን መርከቦች በወደቡ አፍ ያሰጠሙበት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በወደብ ስም የተጠራውን መድፍ ስድስት ወር ያህል ገደል እያስደረመሱ፣ መንገድ እያስጠረጉ በሰው ጉልበት ወደ ተራራ አወጡት። ንጉሠ ነገሥቱን ሊወጉ የመጡት እንግሊዞችም በበኩላቸው ከመርከቦቻቸው የወረዱ መርከበኞችን ከሮኬት መተኮሻ ጋር በበቅሎ አድርገው፣ ከዙላ ወደብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ዳገት አስወጥተው፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአምባው ግርጌ እሮጌ ላይ አዋጓቸው። በሁለቱም ወገን ባሕር ተራራ ወጥቶ የተጋጠመበት እንዲህ ያለ ጦርነት በሌላ አገር ታሪክ በቀላሉ አይገኝም።

የመቅደላ ዳገት የሚከብደው ጎብኚ ደግሞ ምትኩን አዲስ አበባ ላይ ያገኛል። የሴባስቶፖል አምሳያ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሞ ሚኒባስ ሲሽከረከርበት ይውላል፤ አደባባዩ ያለበት መንገድ ቸርችል ጎዳና ይባላል፣ ቸርችልም ጠቅላይ ሚኒስትር ከመሆናቸው በፊት በሁለት ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሚኒስትር ነበሩ።