መንገድ የሚያስተካክለው ካሜራ

ወልድያ ላይ መንገድ የሚያስተካክል ዕቃ ተገኝቷል። ግሬደር አይደለም፣ ሮለርም አይደለም። ክብደቱ 179 ግራም ነው፤ ዲጄአይ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣው ኦስሞ ፖኬት 3 የተባለ ካሜራ። ሦስት ሚጢጢ ሞተሮች ሌንሱን ይዘውታል፤ እጅ ወደ ግራ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ፣ ሲደፋ ቀና ያደርጉታል። ጎርበጥባጣው ሁሉ ዩቲዩብ ላይ ልስልስ ይላል። ዋሽንግተን የተቀመጠው የሀገር ልጅም «ከተማችን እንዴት አምሮባታል!» ብሎ ልብ ይልካል። (ብር መላክ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ሞተሮቹ የማይችሉት አንድ ነገር አለ፤ የእርምጃን ከፍ ዝቅ። እሱ ለቀራጩ ጉልበት የተተወ ሥራ ነው። ስለዚህ ካሜራውን የያዘው ጎረምሳ ጉልበቱን አጥፎ፣ ከወገቡ በላይ ደርቆ፣ ተረከዙን በቀስታ እያሳረፈ፣ ዶሮ ሊሰርቅ እንደመጣ ሰው ገበያውን መሀል ለመሀል ያቋርጣል። ቅመም ሻጭ እናት «ውይ ልጄን! ወገብህን ነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ባጃጅ ነጂው ግን አያዝንም፤ ክላክሱን ይለቀዋል፤ ድምፅ የሚያለሰልስ ሞተር ደግሞ ገና አልተሠራም።

በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ጋ ሲደርስ ቀረጻው ይረዝማል። ይገባኛል፤ እዚያ ሞተሮቹም ትንሽ ያርፋሉ።

ቪዲዮውን አይታችሁ ለመምጣት የቆረጣችሁ ወገኖች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ባለ ተረከዝ ጫማችሁን ግን እዚያው ተዉት።