ግንብ ለጠየቀኝ ልጅ

ከባሕር ዳር የተነሳው ሚኒባስ ወረታ መገንጠያ ላይ ሰው ሊሞላ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት በመስኮት ግራና ቀኝ ቃኘና ዞር አለብኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ የሚታይ ነገር የለም? ግንቡ ጎንደር ነው አይደል?»

«ግንቡ ጎንደር ነው። ግንበኛው የበላው ግን ከደምቢያና ከዚህ ከፎገራ ነው።»

«እንጀራማ የትም አለ።»

«የትም ካለ ነገሥታቱ ለምን የትም አልከተሙም?»

ዝም አለ። እኔ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። ወረታ ተወልዶ «እናንተ ደግሞ ምን አላችሁ?» ሲባል ያደገ ሰው ምላሱ በየመንገደኛው ተስሏል። ጣቴን እያጠፍኩ ቆጠርኩለት። ሠርፀ ድንግል ከእንፍራንዝ በላይ ጉዛራ ላይ ግንብ ያሠራው ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ነው። ሱስንዮስ ደንቀዝና ጎርጎራ ከተመ። ልጁ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መረጠ። የየጁው ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን ቆረቆረ። ቴዎድሮስም እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ መድፍ አስቀለጠ። ሁሉም ከጣናና ከጉና ተራራ ሳይርቁ ዞሩ። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ የሰፈር ቃል ነው፤ ንጉሥ ከተመ ሲባል ድንኳን ተከለ ማለት ነው። እህሉና ማገዶው ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ሜዳውና ገበሬው እዚያው ይቀራሉ።

«ቢሆንም ሥልጣኔ የሚወድቀው በጦር ነው» አለኝ። «ባግዳድን ሞንጎሎች እ.ኤ.አ. በ1258 አጠፏት። ቴዎድሮስንም እንግሊዝ ጣለው።»

«እንግሊዝ መቅደላ ሲደርስ ገበሬው ቀድሞ ትቶት ነበር።»

ይህን ስል ፊቱ ተለወጠ። አጼ ቴዎድሮስን እወዳለሁ፤ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲደፋ ያለመውን ያለመ ንጉሥ ብዙ የለም። ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሠራዊቱ በጌምድርን በላ፤ ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከጋፋት እስከ መቅደላ ለማድረስ ራሱ ንጉሡ ድንጋይ እያነሳ መንገድ ሲጠርግ፣ የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ከባሕሩ በኩል በማርትሬዛ ብር እህልና መኖ እየገዛ ይመጣ ነበር። የራሱ ንጉሥ በቀማው አገር መጻተኛው ከፍሎ ገዛ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል። ጠላት በር ሲገፋ በሩን ከውስጥ የሚይዝ ሰው ከሌለ፣ ጦሩ አሸነፈ ማለት ግማሽ ወሬ ነው።

«የባግዳድንም አገር ካነሳህ ከሞንጎሎች ብዙ ሺህ ዓመት ወደኋላ ሂድ» አልኩት። «በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል፣ የሱመር ሰዎች መስኖ አወጡ፤ ውሃውን ማስገባት ቻሉ፤ ማስወጣት ግን አቃታቸው። ጨው ከሥር ወጣ። ስንዴው እየከሰመ ገብስ ብቻ ቀረ። ጦር መጣም አልመጣም ማሳው ቀድሞ ታሞ ነበር።» ይህን የነገርኩት ለሩቅ አገር አዝኜ አይደለም። ከርብ ግድብ የሚወጣው ውሃ እኛም ማሳ ላይ እየተዘረጋ ነው። ቦይ ሲቆፈር የመግቢያው ይለካል፣ ይመረቃል፤ የመውጫውን የሚጠይቅ ሰው ባገኝ እጁን እስመዋለሁ።

ሚኒባሱ ተነሳ። በግራም በቀኝም የሩዝ ማሳ ውሃ አዝሎ ያበራል።

«እሺ ጋሼ፣ የእኛ አፈር ታጥቦ ግብፅን ሠራ። ለእኛ ምን ቀረን?»

«የምታየው ቀረን!»

እውነቴን ነው። የፈርዖኖች እህል የበቀለበት ደለል ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ይዘውት የሚመጡት አፈር ግን መንገድ ላይ ጣና አለበት። ጣና ኬላ ነው፤ ውሃውን ያሳልፋል፣ አፈሩን ይቀርጣል። የፎገራ ሜዳ የዚያ ቀረጥ ክምችት ነው። ዋጋውም ከባድ ነው። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ሁለቱም ወንዞች ሞልተው ቤትና ከብት ሲወስዱ ያየ ሰው ይህን ጭቃ በነፃ አገኛችሁት አይለንም።

ከኋላችን ነጠላቸውን ያጣፉ እናት እስካሁን ዝም ብለው ይሰሙን ነበር። አሁን ገቡበት።

«ልጄ፣ ታሪክ ታሪክ ትላለህ። ሩዙ ነው ባህላችንን ያጠፋው። እንጀራው እንኳ የጤፍ መልኩን ለቀቀ።»

«እማማ፣ ወጡስ?»

«ወጡ ምን ሆነ?»

«በርበሬው! በርበሬ ከአሜሪካ በባሕር የመጣ ነው፤ የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት በዚህ አገር አንድም ሰው ቀይ ወጥ አልበላም። በቆሎንስ አባቶቻችን ለምን የባሕር ማሽላ አሉት? እንግዳ ስለነበረ ነው። ሩዝም ገና ስሙን እየለመደ ያለ እንግዳ ነው።»

እንደ እሳቸው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ልዘርዝረው። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ ሞከሩ። ከዚያ የቀረውን ዝርያ ገበሬው ዛሬም ኤክስ ጅግና ይለዋል፤ የቀበሌው ስም በዘር ላይ ተጽፎ ቀርቷል። ክረምት ከክረምት ውሃ የሚተኛበትና ጤፍ የሚበሰብስበት መሬት እህል ሰጠ። ገበሬው ሩዙን ፈጭቶ ከጤፍ ቀላቀለው፤ ጋገረው፤ ጠላ ጠመቀበት፤ ሩዙ ሲነሳ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ዘራ። አሁን የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ወረታ ነው። የኮሪያን እህል ወስዶ ኮሪያዊ የማያውቀውን እንጀራ የጋገረ ሕዝብ ባህሉ ጠፋ ይባላል? አክሱም ሳንቲም ላይ መጀመሪያ በግሪክ ጻፈች፤ ኋላ ግዕዙን አስገባችበት። የእኛ ሴቶችም በምጣድ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ዜና መዋዕል የሚጽፍላቸው ግን አልተገኘም።

ይህን ሁሉ ሳወራ እናት አንገታቸውን ነቅነቅ እያደረጉ አዳመጡኝ። እንደጨረስኩ አንድ ቃል ብቻ አወጡ።

«ላሙስ?»

አፌ ተያዘ።

የፎገራን ላም ያየ ያውቃታል፤ ነጭና ጥቁር የተንጠባጠበባት፣ ረግረግ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ የምትግጥ፣ ወተቷ የተመሰገነ። በርበሬ ሲመጣ ሰሐን ላይ ቦታ ያዘ እንጂ ማንንም አላስነሳም። ሩዝ ግን የላሚቱን ሜዳ ነው የያዘው። ውሃ የሸሸው መሬት ታረሰ፤ የጋራ ግጦሹ በገመድ ተለካ፤ ላሚቱ ከለመለመው ሣር ወደ ሩዝ ገለባ ወረደች። ዘሯም በየመንደሩ ከሌላው እየተደባለቀ ንጹሑ አነሰ፤ አንዳሳ ያለው የምርምር ማዕከል ዝርያዋን ለማቆየት ይደክማል። በጣና ዳር የቀረውን ሣር ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ ያንቀዋል። እምቦጭም እንደ ሩዝ እንግዳ ነው። የመጣ ሁሉ ይልመድ ብዬ የምከራከር ሰው እሱን የት ላስቀምጠው?

«እማማ፣ ለላሙ መልስ የለኝም» አልኳቸው።

«መልስ የለህም እንግዲህ!» አሉኝ፤ በድል ሳይሆን እንደሚያዝን ሰው። «እኔ ሩዝ አልጠላም። ልጆቼ በእሱ ቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል። ግን ስታወራ ላሟንም ጨምረህ አውራ። በወተቷ ያደገ አፍ ነው ያለህ።»

ሴትዮዋ የነገሩኝን ከብዙ መጽሐፍ አላገኘሁትም። ስለ መንግሥታት ስንጽፍ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እንላለን፤ ማን ቦታ ለቀቀ የሚለውን እንዘለዋለን። እኔም ስለ ገበሬው እየተቆረቆርኩ ላሚቱን ዘልያታለሁ። ደግሞ ሩዙ ይነቀል አልልም፤ ልጇን ያስተማረችበትን ማሳ መልሺ የምላት እናት የለችም። ግን ከዚያ ሁሉ ማሳ መካከል ለላሚቱ የሚሆን ግጦሽ ተከልሎ ይቅር ማለት ምን ይከብዳል? ነገሥታቱ በዘመናቸው ለፈረሳቸው ይከልሉ ነበር።

የርብን ድልድይ ስንሻገር ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ በመስኮት ማሳውን ቀረጸ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ወረታ ማለት ግን ምን ማለት ነው?»

«የተደረገልህን መልካም ነገር ስትመልስ፣ የመለስከው ወረታ ይባላል።»

«ታዲያ ጎንደር ለወረታ ምን መለሰች?»

እናት ከኋላ «ይኸው ተማረ!» አሉ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ረዳቱ ቀደመኝ፤ ከበሩ በኩል ወደ ውስጥ ዞሮ መዳፉን ዘረጋ።

«አዲስ ዘመን ወራጆች፣ ሂሳብ!»