ወፍጮ ይመስላል

ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የማላውቀው ሰው በቴሌግራም አራት ቃል ላከልኝ፤ «የሞተሩ ድምፅ ወፍጮ ይመስላል»። ሰላምታ የለ፣ «እንዴት ከረምክ» የለ። እንቅልፍ አጣሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ እተኛለሁ። ብቻ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ወፍጮው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ቀን ቀን የሰው ሒሳብ እዘጋለሁ፣ ማታ ማታ አውሮፕላን እሠራለሁ። ጎረቤት አይደንግጥ፣ አውሮፕላኑ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፍላይት ሲሙሌተር የሚሉት ጨዋታ (ጨዋታ ስለው የሚያኮርፉ ወዳጆች አሉኝ) ሳሎንህ ተቀምጠህ አብራሪ የምትሆንበት ነው። የማይክሮሶፍቱ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ምድሩም ሰማዩም ጥቂት መስመር ነበር፤ የ2020ው በሳተላይት ምስል የተሠራ ስለሆነ ሰፈራችሁን ከላይ ታዩበታላችሁ። አውሮፕላን አብሮት ይመጣል። እንደኔ ያለው ግን አይበቃውም፤ የራሱን ሠርቶ ይጨምርበታል፣ ለሌላውም በነጻ ያድላል።

የእኔ ዲሲ 3 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ አድርጎ ካይሮ የሄደው በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ወንድም፣ በሲ 47 ነበር። የእኔን መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነኝ። ቅርጹን ብሌንደር በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ማውጣት ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ መከራው ጠባዩን ማስያዝ ነው። ለምሳሌ የማኒፎልድ ግፊት መለኪያ የሚባል ክብ ሰዓት አለው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መርፌው የሚያሳየው የውጩን አየር ግፊት ነው፤ ጅቡቲ ላይ 30 ኢንች አካባቢ፣ አዲስ አበባ ላይ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ወደ 23። ለዚህች ሰባት ኢንች ሦስት ሌሊት አድሬያለሁ። እስከ ዛሬ ልብ ያላት ሰው የለም።

የድምፁ ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። የእቃ መጫኛው በር ሲዘጋ ምን ብሎ ይጩህ? ቤቴ ያለውን በር ሁሉ ዘግቼ ሞከርኩ። የፍሪጁ ይለሰልሳል፣ የቁም ሳጥኑ ያቃስታል፣ የግቢው የብረት በር ጥሩ ነበር፤ ግን እሱ በተዘጋ ቁጥር የጎረቤት ውሻ አስተያየት ይሰጣል። አንድ ቀን ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ስሄድ የታክሲው ረዳት የሚኒባሱን በር ጎትቶ ጓ! አደረገው። ተሳፋሪው እንደለመደው አቀርቅሮ ስልኩን ይነካካል፤ እኔ ብቻ «አገኘሁህ!» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያለ ጉዳይ ታክሲ ተሳፈርኩ። ማንም የማይፈልጋትን በር አጠገብ ያለች ተጣጣፊ ወንበር እየመረጥኩ ስልኬን በሩ ሥር እደግናለሁ። የሚኒባስ በር አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። በገመድ የታሰረ አለ። ካላነሱት የማይገጥም አለ። ከረዳቱ በቀር ማንም እንዳይነካው የተባለም አለ፤ ጠንከር አድርጋችሁ ስትዘጉት «ይሄ የቤትህ በር ነው?»፣ ቀስ ስትሉ ደግሞ «አልተዘጋም፣ ድገመው!»። ወደ መጨረሻው አንዱ ረዳት ጠረጠረኝ።

«ፋዘር፣ ምንድነው የምትቀርጸው?»

«አውሮፕላን እየሠራሁ ነው።»

ሒሳቤን መልሶ በሚቀጥለው ፌርማታ አወረደኝ።

ከተቀዳው ሁሉ የሚበልጠው ላይ አንዲት ሴት «ወራጅ አለ!» ትላለች። ቆርጬ ጣልኩት፤ ጅራቱ ግን ቀረ። ስለዚህ የእኔ ዲሲ 3 በሩ በተዘጋ ቁጥር፣ ጆሮውን ለጣለ ሰው፣ ከሆዱ ውስጥ «ጅ አለ» ይላል። ሰውስ ምን አለ? «ሌላው ይቅር፣ በሩ ግን እውነተኛ ዲሲ 3 ነው!» አለ።

ሞተሩ ነው እንግዲህ የሚያቃጥለኝ። የሞተሩ ድምፅ ከታክሲ አልመጣም። አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ አንድ የአየር ትርኢት ላይ ፀሐይ እየመታው ቆሞ፣ ሞተሩ ሲስል፣ ሲያጨስ፣ አሥራ አራቱ ሲሊንደሮች አንዱ አንዱን እየቀሰቀሰ ሲነሱ የቀዳልኝ ነው። ፕራት ኤንድ ዊትኒ፣ 1,200 የፈረስ ጉልበት፣ እውነተኛ! ወፍጮ ያለኝን ልጅ «እውነተኛው የት ሰምተኸው ነው?» ብዬ ጻፍኩለት። በፊት ገዝቶት በነበረ ሌላ አውሮፕላን ላይ ነው አለኝ። በሌላ ሲሙሌተር! ይኸውላችሁ። አንዱ የቀዳውን ይዞ መጥቶ ዋናውን ይለካበታል። የሚኒባስ በር ሲሰማ እንባው ይመጣል፣ ብረቱ ራሱ ሲናገር «ውሸት» ይላል። ይህንን ሁሉ ደግሞ በነጻ ከወሰደው አውሮፕላን ላይ! ገንዘብ ይመለስልኝ እንዳይል የከፈለው የለ፤ እኔም እንዳልመልስለት የተቀበልኩት የለ። ዕድሜዬን ግን የሚመልስልኝ ማነው? ዲሲ 3 ላይ ረግጦ የማያውቅ ሰው... እኔም ረግጬ አላውቅም፣ ግን ነገሩ እሱ አይደለም።

ሰፈራችን ጡረታ የወጡ ካፒቴን አሉ፤ በወጣትነታቸው ዲሲ 3 አብርረዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ለቡና ብዬ አስገባኋቸው። ወንበሩን አስጠጉ። ስክሪኑን ዝም ብለው አዩ አዩና በጥፍራቸው የማኒፎልዱን መለኪያ መታ መታ አደረጉት። መርፌው አልተንቀሳቀሰም። ደገሙት። መስታወት እንደሆነ የነገራቸው ጣታቸው መሰለኝ፣ ፈገግ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። ሞተሩን አስነሳሁላቸው።

«እንዴት ነው ካፒቴን? ወፍጮ ይመስላል ያለኝ አለ።»

«ወፍጮማ ነበር» አሉ። «ሁለት ወፍጮ።»

ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

«ይልቅ» አሉ ጉልበታቸውን እየዳሰሱ፣ «ዝናብ ውስጥ ስንገባ በፊት መስታወቱ ጠርዝ ሾልኮ እዚህ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ያንን የታል ያደረግከው?»

አላደረግኩትም። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ የማያፈስ ዲሲ 3 ስሠራ ኖሬያለሁ። አሁን ክረምት ነው፣ ዕድል ነው። ትናንት ማታ ጣሪያው ጫፍ ሥር ወንበር አውጥቼ፣ ስልኬን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጉልበቴን ለጠብታው ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ በመስኮት አየችኝና አንድ ነገር አለች፤ እሱም ተቀድቷል። ድምፁ ግን አላረካኝም፣ ይበዛል። ሱሪው ጂንስ ስለሆነ ይመስለኛል። የያኔው የአብራሪ ሱሪ ሱፍ ይሁን ካኪ ካፒቴኑን ልጠይቃቸው ነበር፤ ዝናቡ አላስወጣ አለኝ።