ፀደይ በአሶሳ፦ የመጀመሪያ ምልክቶቹና ምስክሮቹ

ፀደይ በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 የሚወጣ ወቅት ነው። በአሶሳ የሚገባበት ዕለት ያለ አንዳች ለውጥ ያልፋል፤ ፀሐዩ እንደ ትናንቱ ያቃጥላል፣ አቧራውም ከባጃጅ ኋላ እንደ ትናንቱ ይነሣል። ጥፋቱ የባሕረ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ወቅት የሚቆጥሩ አካላት ስለ ወቅቶቹ ብዛት እንኳ አልተስማሙም። ሜትሮሎጂ ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብሎ ለሦስት ስለሚከፍለው ፀደይ የሚባል ወቅት በመዝገቡ የለም። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሚሳለው ፀደይ ደግሞ አደይ አበባ ይዞ መስከረም ላይ ይመጣል። በመስከረም የአሶሳ ሣር ሰው ስለሚሰውር አበባ ሊያይ የወጣ ሰው መጀመሪያ መንገዱን ማግኘት ይኖርበታል። ነዋሪው ከሁሉም ባጠረ ሥርዓት ይጠቀማል፤ ዓመቱን አቧራና ጭቃ ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። እዚህ የሚጠናው ከአቧራው ወደ ጭቃው የሚያሸጋግረው ጊዜ ነው።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዝናቧ አንድና ረጅም ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት መካከል ይጀምራል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፣ ጥቅምት ላይ ይሰናበታል። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሻገር በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው የዝናብ መቀነት ተከትሏት ይወጣል፤ ከአትላንቲክና ከኮንጎ በኩል የሚነፍሰው እርጥብ አየርም ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይገባል። ስለዚህ ዝናቡ ምዕራቡን ቀድሞ ይይዘዋል፣ ዘግይቶም ይለቀዋል። በደርግ ዘመን ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ ቁጥር በተሰጣቸው አምባዎች የሰፈሩ ገበሬዎች በየካቲት በልግ መጠበቅ የለመዱ ነበሩ። የአዲሱ አገር ሰማይ በየካቲት ከማንም ጋር ቀጠሮ እንደሌለው መማር ነበረባቸው።

የፀደይን ምልክት መዝግቦ መያዝ በሌላው ዓለም የቆየ ሙያ ነው። ሮበርት ማርሻም የተባለ እንግሊዛዊ ባለ ርስት በኖርፎክ አውራጃ ከ1736 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቅጠል መቼ እንዳቆጠቆጠ፣ ወፍ መቼ እንደዘመረ በየዓመቱ ጻፈ፤ ዘሮቹም እስከ 1958 አላቆሙም። የጃፓኗ ኪዮቶ የቼሪ አበባ መዝገብ ወደ 812 (እ.ኤ.አ.) ይመለሳል። አሜሪካኖች ጉዳዩን ለአንድ ፍልፈል መሰል እንስሳ አሳልፈው ሰጥተዋል፤ በፔንስልቬንያ ግዛት ፐንክሰታውኒ በምትባል ከተማ ከ1887 ጀምሮ ፌብሩዋሪ 2 ቀን ከጉድጓዱ እየወጣ ጥላውን አየ ወይስ አላየም ተብሎ ይመረመራል። አሶሳ ለዚህ ሥራ የተመደበ ባለ ርስትም ሆነ ፍልፈል የላትም። ዶሮዎች አሏት፤ ስለ እነርሱ ዝቅ ብሎ ይነገራል።

በጥላ ረገድ ግን አሶሳ ከፐንክሰታውኒ የሚበልጥ ማስረጃ አላት። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ሚያዝያ 8 ገደማ ፀሐይ በቀጥታ አናቷ ላይ ትውላለች። ሰዓቱ ልክ ስድስት አይደለም። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚለካበት መስመር በስተምሥራቅ ርቆ በኦጋዴን የሚያልፍ በመሆኑ የአሶሳ እኩለ ቀን 40 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። በዚያች ደቂቃ አደባባይ ላይ የቆመ ሰው ጥላው እግሩ ሥር ገብቶ ይጠፋበታል። ይህ ምልክት አይዋሽም፣ ቀኑንም አይስትም። ጉድለቱ አንድ ነው፤ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ሙቀት አደባባይ ላይ የሚቆም ሰው የለም። ምስክሮቹ ሁሉ ማንጎ ዛፍ ሥር ናቸው።

ማንጎ የአሶሳ ዋነኛ ዛፍ ነው፤ ጥላም፣ ምግብም፣ የግቢ ወሰንም ሆኖ ያገለግላል። ፍሬው ከሚያዝያ ጀምሮ ሲበስል ሌሊት ሌሊት ቆርቆሮ ላይ መውደቅ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሲወድቅ አባወራው ሌባ ነው ብሎ ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ሁለተኛው ሲወድቅ ማንጎ ነው ብሎ ይገላበጣል፤ ሌባው የሚመጣው ከሁለተኛው በኋላ ነው። ገበያውም የራሱ ደረጃ አለው። በፍሬ ይሸጥ የነበረው በባልዲ፣ ከዚያም በማዳበሪያ ይሸጣል፤ በመጨረሻ ጎረቤት ለጎረቤት ይሰጣል፤ ጎረቤቱም የራሱን የሚሰጠው አጥቶ ስለሰነበተ አይቀበልም። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውና ወደ አሶሳ የዘለቀው ነጭ የማንጎ ተባይ ይህን የተትረፈረፈ ልግስና በመጠኑ ቀንሶታል። ሆኖም ማንጎ ለፀደይ ጥሩ ምስክር አይደለም። ዛፉ ያበበው በበጋው ስለሆነ የበሰለው ፍሬ የሚናገረው ስላለፈው እንጂ ስለሚመጣው አይደለም። በሕንድ የካርናታካና የኬረላ ሰዎች በዚህ ወራት የሚጥለውን ዝናብ በማንጎ ስም ይጠሩታል፤ የአሶሳ ሰው ለሁለቱ አንድ ስም ለመስጠት ሁለቱም ባንድነት ሲመጡ በበቂ ሁኔታ አላየም።

ከከተማው ወጣ ሲሉ ዛፎቹ ከማንጎ ይልቅ ቸኩለዋል። በበጋ እሳት የበላው መሬት ገና ጥቁር እንደሆነ፣ ጠብታ ሳይወርድ፣ አባሎና ወይባ ቅጠል ያወጣሉ። ከተቃጠለው ሣር ሥርም ለከብት የማይበቃ፣ ከብቱን ግን ሩቅ የሚወስድ አረንጓዴ ብቅ ይላል። ዛፎቹ ቅጠል የሚያወጡት ከሥራቸውና ከግንዳቸው ባጠራቀሙት ውሃና ምግብ ነው፤ ያለ በጀት ሥራ የጀመሩ የሚመስላቸው ካሉ ተሳስተዋል። ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃ ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን የቆላው ሽመል ግን ድፍን ነው ማለት ይቻላል፤ በዚህም ምክንያት ይሁን በሌላ በቀላሉ አይታለልም። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ይቆማል፣ ዝናቡን በዓይኑ ካላየ አያምንም።

የመጀመሪያው ዝናብ ከመድረሱ በፊት ሽታው ይደርሳል። ሽታው በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከሚሠሩት ጂኦስሚን ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመነጭ ሲሆን፣ የሰው አፍንጫ ይህን ነገር እጅግ በጣም አነስተኛ በሆነ መጠን እንኳ ለይቶ ያውቀዋል። ጠብታው ደረቁን አፈር ሲመታው ሽታው ከአቧራው ጋር ይነሣል፤ ነፋሱም ዝናቡ ካለበት ወደሌለበት ይዞት ይሄዳል። ከአጎራባቿ ባምባሲ በኩል የጣለ ዝናብ አሶሳ ላይ ሲሸት ልብስ ከገመድ ይወርዳል፣ ስጥ ይሰበሰባል፣ ሕፃናት ይጠራሉ። ከዚያ ፀሐይ ይወጣል። ልብሱ እንደገና ይሰጣል። ይህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊደገም ስለሚችል ሽታ እንደ ማስረጃ የሚቀርበው ለአቤቱታ እንጂ ለውሳኔ አይደለም።

ሳይንስ ነገሩን ለመቁረጥ መስፈርት አውጥቷል። በምዕራብ አፍሪካ ሳህል ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከታወቁት መስፈርቶች አንዱ እንደሚለው የዝናቡ ወቅት ገባ የሚባለው በተከታታይ 3 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልና በተከታዮቹ 30 ቀናት ከ7 ቀን የበለጠ ድርቀት ሳያጋጥም ሲቀር ነው። መስፈርቱ እንከን አይወጣለትም። በእርሱ የሚሠራ ገበሬ ወቅቱ የገባበትን ቀን ያለ ስህተት ያውቃል፤ የሚያውቀውም ከ30 ቀን በኋላ ነው። ባለፈው ወር መዝራት ነበረብኝ የሚል ማረጋገጫ በእጁ ይዞ ወደ ማሳው መሄድ ይችላል። መስፈርቱን ያልሰማው ጎረቤቱ በመጀመሪያው ዝናብ በቆሎ ዘርቶ ከሆነ ወይ አረም እያረመ ይገኛል፣ ወይ የደረቀውን አርሶ ዘር ሊበደር መጥቶ በር ላይ ቆሟል። በሁለቱ ገበሬዎች መካከል ያለው የእውቀት ልዩነት ሰፊ ሲሆን የምርት ልዩነታቸው ግን ዓመቱን ጠብቆ ይለዋወጣል።

አሸን፣ ማለትም ክንፍ ያወጣ ምስጥ፣ 30 ቀን መጠበቅ አይችልም፤ ክንፉ የሚያገለግለው ለአንድ ምሽት ነው። ስለዚህ ከምልክቶቹ ሁሉ ይበልጥ የሚታመነው እርሱ ነው። ምስጥ በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ከወለጋ እስከ አሶሳ፣ የቤት ምሰሶና የማሳ ሰብል ሳይለይ የሚበላ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የነዋሪና የምስጥ ግንኙነትም ዓመቱን ሙሉ የሻከረ ነው። መሬቱን ያራሰ ዝናብ በጣለ ቀን ግን ኩይሳው ጎን ላይ ቀን ያልነበሩ ቀዳዶች ይከፈታሉ። ራሳቸው ተለቅ ያለ ወታደሮች አፉ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ክንፍ ያወጡት ከኋላቸው እየተገፋፉ ይወጣሉ፤ ሠራተኞቹ ሸኝተው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። በረራው አጭር ነው። ያረፈው ክንፉን ይጥላል፣ ወንዱ ከሴቷ ኋላ ይከተላል፣ ሁለቱ ለስላሳ አፈር ቆፍረው ይገባሉ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ሁለቱም ይሞታሉ፤ በምልክትነቱ የሚታመነውም ስለ ዝናቡ ሲናገር ሕይወቱን አስይዞ ስለሆነ ነው። በከተማው ካሉት ትንበያ ሰጪዎች በዚህ ውል የሚሠራ ሌላ አይታወቅም።

የሚበዛው ግን መሬት ሳይሆን መብራት ፍለጋ ይሄዳል። የወቅቱ የመጀመሪያ ነጎድጓድ መብራት ይዞ መሄዱ የተለመደ ስለሆነ አሸኑ በሻማና በስልክ ባትሪ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ወጥ ውስጥ፣ ሻይ ውስጥ፣ የአንገት ልብስ ውስጥ ይገባል። በዚያው ክልል፣ ጉባ ላይ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ መኖሩ ለአሸኑ የተነገረው አይመስልም። ጠዋት ደጃፉ ላይ የረገፈ ክንፍ ተከምሮ ይገኛል። ሊጠረግ ሲሞከር ከመጥረጊያው ፊት እየተነሣ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ውሃ ረጭተው የሚጠርጉ ሰዎች ልምድ ያላቸው ናቸው።

ዶሮዎቹ እዚህ ላይ ይገባሉ። ክንፉን የጣለ አሸን የበላች ዶሮ እስከ ቀትር እህል አታይም፤ ስለዚህ ጠዋት ጥሬ ተበትኖላት ያልተነካላት ቤት ሌሊቱን አሸን እንደወጣ፣ አሸን ከወጣም መሬቱ እንደራሰ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። የዚህ ማስረጃ ድክመት ከቀን መቁጠሪያው ይመጣል። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30 አልፎ አይውልም፤ ይኸውም ልክ ከፀደይ መግቢያ ጀምሮ ነው። በዚህ ምክንያት በክርስቲያን ቤቶች የምስክሮቹ ቁጥር በጣም በሚፈለጉበት ሰሞን ይቀንሳል። ለጥናት የሙስሊም ጎረቤት ዶሮ የተሻለ ተከታታይነት አላት።

በቤት ውስጥ የሚታዩ ምልክቶች ከተፈጥሮው ሁልጊዜ አንድ ዝናብ ይዘገያሉ። ቆርቆሮ የሚጠገነው ማፍሰሱ ከታወቀ በኋላ፣ ማፍሰሱ የሚታወቀውም አልጋው ላይ ነው። በበጋ ስድስት ወር ሙሉ ስለ ቀዳዳው ያላነሣ ሰው በነጋታው ካትራሜ የነካ ጨርቅና ምስማር ይዞ ጣራ ላይ ይታያል፤ ሲረግጥ የሚከፍታቸው አዳዲስ ቀዳዶች ለሚቀጥለው ዝናብ ይቆያሉ። በርሜል ከአሸንዳ ሥር ይገባል። ጃንጥላ ይፈለጋል፣ የተዋሰው ሰውም ይታወሳል። ለቡቃያ መከለያ ወይም ለጫጩት አጥር ሲያገለግል የከረመው አጎበር ተፈትቶ፣ ታጥቦ ወደ አልጋው ይመለሳል፤ ከመጀመሪያው ኩሬ በኋላ የወባ ትንኝ ብዙ ጊዜ ስለማትፈጅ ይህ ምልክት ቀልድ የለበትም። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የውሃ መውረጃ ቦይም ሳይቆፈር ከርሞ በዚሁ ሰሞን መቆፈር ይጀምራል። ቁፋሮው ሲጀመር ደመና መኖሩን ለማወቅ ቀና ማለት አያስፈልግም።

የገጠሩ ፀደይ በሥራ ይታያል። በቆሎ ይዘራል፣ ማሽላም ይከተላል፤ ጓሮ ውስጥ ባምያ ለገንፎ ማባያነት ይተከላል። በመጨረሻ፣ መሬቱ ጠግቦ ሲያበቃ፣ ሽመል ያምናል። ሰኔ ሲጋመስ ከጉቶው ሥር በቡናማ ሽፋን የተጠቀለለ ሹል ቀንበጥ አፈሩን ሰብሮ ይወጣል። ለስላሳ ሳለ ቤርታዎችና ጉሙዞች ልጠው፣ ቀቅለው ይበሉታል፤ ሳይቆረጥ ከተረፈ በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይደርሳል። ቀንበጡ በመብዛቱ ከሁሉ የሚታመን የፀደይ ምልክት ሊሆን ይችል ነበር፤ የሚወጣው ግን ወቅቱ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ከሰኔ 26 ጀምሮ የሚወጣ ቀንበጥ፣ የሚያፈስ ቆርቆሮና የሚጨቀይ ጫማ የክረምት ስለሆነ በዚህ ጥናት አልተካተተም።